የሐጂ ተከራይ

የወረዳ ምክር ቤት አባል የሆንኩት ፈልጌ አይደለም። በሰፈር ስብሰባ ላይ እጩ ጠፍቶ ሁሉም መሬት መሬት ሲያይ፣ አንዱ ጎረቤት "ቲቸር ትሁን፣ እሷ መናገር ትችላለች" አለ፤ የተቀረው ነገሩ ከራሱ ላይ በመውረዱ ደስ ብሎት አጨበጨበ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሒሳብ ሳስተምር የጮህኩት ጩኸት ለዚህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባሌ ሲሰማ ሳቀብኝ። ሥራው እጅ ማውጣት ብቻ ስለሆነ ትከሻዬን ካላመመኝ እንደሚመቸኝ ነገረኝ። እኔ ግን ሲፈጥረኝ ቁም ነገረኛ ነኝ። ደብተር ገዛሁ፣ የሰፈሩን ችግር ተራ ቁጥር ሰጥቼ ጻፍኩ፣ ስብሰባ ሲጠራ በሰዓቱ የምገኘው እኔና የጥበቃው ሰውዬ ብቻ ነበርን። ይህን የማወራው ራሴን ለማመስገን አይደለም። ቁም ነገረኛነቴ በአንድ ሰው ቤት ላይ ምን እንዳመጣ ለመናገር ነው።

ሰፈራችን ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ሲገባ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ያለ አንድ ረጅም ቅያስ ነው። ቤቶቹ የማኅበር ቤቶች ናቸው፤ አካባቢው ጭቃና ባሕር ዛፍ በነበረበት ዘመን አስተማሪው፣ ሾፌሩና ነርሷ ከደሞዛቸው እየቆነጠሩ የሠሯቸው። አሁን በቅያሱ አፍ ላይ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል፤ ከጀርባችን ሆቴል አለ፤ እኛ በመሃል ጡረታና ደሞዛችንን ይዘን ቀርተናል። መሬታችሁ ወርቅ ነው ይሉናል። ወርቁ ላይ ተቀምጠን ዘይት ስንት ገባ እያልን እንጠያየቃለን።

ቅያሱ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ክረምት ሲገባ የሕንፃዎቹ ፍሳሽ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ በየበራችን ይወርዳል፤ የታችኞቹ ቤቶች ነዋሪዎች ሰኔ ሲመጣ ፍራሻቸውን ቁም ሳጥን ላይ መስቀል ለምደዋል። በደብተሬ ተራ ቁጥር አንድ የጻፍኩት የዚህን ውሃ ነገር ነበር።

የጣሪያና ግድግዳ ግብር አዲሱ ታሪፍ ለምክር ቤታችን ሲቀርብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የምንወስነው ብዙ ነገር አልነበረም። ታሪፉ ከላይ ተወስኖ የመጣ ነው። የእኛ ድርሻ የወረዳውን አፈጻጸም ማጽደቅና በዚያ ዓመት ለየትኛው አገልግሎት ቅድሚያ ይሰጥ የሚለውን መነጋገር ነበር። ሦስት ነገር ቀረበ፤ የእኛ ሰፈር ቦይ፣ የጤና ጣቢያው ላቦራቶሪና የመንገድ መብራት። ከጎኔ የተቀመጡት ወሎ ሰፈር ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሰውዬው ወሬ አይወዱም፤ ሲናገሩ ግን ሰው ወንበሩ ላይ ይስተካከላል።

"ግብሩ የመክፈያ ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ ቅጣት አለው" አሉ። "ቦዩስ ቀን አለው?"

ሰብሳቢው ጥያቄው በጥሩ መንፈስ እንደተወሰደ ተናገረና ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል እኔ ተነሳሁ። ምን እንዳነሳኝ አላውቅም፤ ክፍል ውስጥ ተማሪ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ የሚያስነሳኝ ነገር ይሆናል። ሳንከፍል መጠየቅ እንደማንችል፣ ከፍለን ግን አንገታቸውን ይዘን መጠየቅ እንደምንችል፣ ጤና ጣቢያው ቢያንስ ግድግዳ እንዳለው፣ የታችኞቹ ቤቶች ግን በየክረምቱ ግድግዳቸው እየተበላ እንደሆነ ተናገርኩ። ስለ ቤት ግድግዳ ግብር እየተወያየን ውሃ ግድግዳውን ከበላው ምን ላይ ልንገብር ነው ስል ሰው ሳቀ፣ ተጨበጨበልኝ። እጅ ወጣ። ቦዩ አንደኛ ሆነ፣ የጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ለከርሞ ተላለፈ። በዚያው ስብሰባ እኔን ቤቶቹን ከሚለካው ቡድን ጋር እንድዞር የነዋሪ ተወካይ አድርገው መረጡኝ። እየተኩራራሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አዎ፣ ተኩራርቼ ነበር።

ከእኛ ቤት ሦስተኛው ግቢ የሐጂ ነው። ሐጂ ወሎዬ ናቸው። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና አሰብና ጅቡቲ ሲመላለሱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አላህ ልጅ ያልሰጣቸው፣ ሚስታቸውን ከቀበሩ ቆየት ያሉ፣ ስኳር ያለባቸው ሰው ናቸው። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ እሳቸው ከመስጊድ አይጠፉም። በዓል ሲሆን ሥጋ አንለዋወጥም፤ ስለዚህ እሳቸው ቴምር ይልካሉ፣ እኔ ድፎ ዳቦ እልካለሁ፣ "ጴንጤዋ በዳቦ ልታጠምቀኝ ነው" እያሉ ከደጃፍ ይስቁብኛል። ባሌ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት ሆስፒታል በር ላይ ሁለት ቀን ከእኔ ጋር ያደሩት ወንድሜ አይደለም፤ ሐጂ ናቸው።

ጦርነቱ ወሎ በገባ ጊዜ የእህታቸው ልጅ ሦስት ልጆቿን ይዛ መጣች። ባሏ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። የራሷ የጨርቅ ሱቅ የነበራት፣ ጣቃ በክንዷ እየለካች አራት አምስት ሰው በአንዴ የምታስተናግድ ነጋዴ ነበረች። የመጣችው በሁለት ፌስታል ነው። ሐጂ ግቢያቸው ጀርባ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አስጠርገው ሰጧት። በሦስተኛው ቀን ልጆቿን አልብሳ፣ ፌስታሎቹን አስራ በር ላይ አገኟት። ሰው ላይ ተጠግታ መኖር እንደማትችል፣ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት እንደምትሄድ ነገረቻቸው። ሐጂ ይህን ኋላ ሲያጫውቱኝ ያኔ ያሏትን ቃል በቃል ነገሩኝ።

"ማን ተጠጊ አለሽ? ተከራይ ነሽ። ሥራ ስታገኚ ትከፍይኛለሽ።"

ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጂ ለሱቁም፣ ለጥበቃውም፣ ለእድሩ ጸሐፊም "ተከራዬ ናት" አሉ። ሰፈሩም ነገሩ ገብቶት፣ ማንም ማንንም ሳያማክር፣ የሐጂ ተከራይ ይላት ጀመር። ቅያሱ ሲጠረግ ከተከራዮች ተራ ገባች። የውሃ ወረፋ ላይ እንደ ማንኛውም ተከራይ ከሴቶቹ ጋር ተከራከረች። እንደ ተከራይ ቀና ብላ ሄደች። ሥራ ግን አልተገኘም፤ የተገኘው አያት ሰፈር ካሉት ቪላዎች ልብስ ማጠብ ነበር፣ እሱም ልጆቿን ከማብላት አያልፍም። ኪራይ ከፍላ አታውቅም። እኛ ሁላችን ይህን እናውቃለን። እሷ ግን የምናውቅ አይመስላትም ነበር፤ ያቆማትም ይኸው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሰፈራችን ሳይማር ያውቃል፤ በሰው ገበና ላይ ክዳን መክደን።

የልኬቱ ቡድን ሐጂ ቤት የደረሰው አንድ ጠዋት ነው። ሜትር የያዘ ወጣት መሐንዲስ፣ ቅጽ የምትሞላ የወረዳው ሠራተኛና እኔ። መሐንዲሱ ዋናውን ቤት ለካ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ወደ ጀርባ ዞርን። የእህታቸው ልጅ ልብስ እያሰጣች ነበር። ሠራተኛዋ ቅጹን ገልጣ ሰርቪሶቹ ውስጥ ማን እንደሚኖር ጠየቀች።

ሐጂ ወደ ልጅቷ አዩ። የልጅቷ እጅ ገመዱ ላይ ቆመ።

"ተከራይ አለ" አሉ።

ስንት እንደሚከፈል ተጠየቁ። የአካባቢውን ዋጋ ጠሩ፤ ሳይቀንሱ። ዝቅ አድርገው ቢጠሩ ልጅቷ በምሕረት የተቀመጠች ልትመስል ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሲጠየቁም የመጣችበትን ወር እውነቱን ተናገሩ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም ነበር። ሠራተኛዋ ወደ እኔ ዞረች። እኔ እዚያ የቆምኩት ለዚህ ነው፤ ሰው ተከራይ እያለው የለኝም ቢል "አለው" ልል። ተከራይ ሳይኖረው አለኝ የሚል ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም።

"ትክክል ነው፣ ቲቸር?"

"ሐጂ ካሉማ..." አልኩ።

ፈረምኩ። ልጅቷ ወደ እኔ አየት አድርጋ ፈገግ አለችና የልጇን ሸሚዝ ገመዱ ላይ ዘረጋች። ያን ፈገግታዋን አሁን ማስታወስ አልወድም። ማታ ስጸልይ ውሸት አለመናገሬን ለራሴ አስረዳሁ፤ ሐጂ ያሉትን ነው ያልኩት፣ ቢበላሽ ደግሞ ነገ ቢሮ ሄጄ አስተካክለዋለሁ። ነገ ፈተና ማረም ነበረብኝ፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ ነገር።

ወረቀቱ በር ለበር ሲታደል የሰፈሩ ሰው ሁሉ አጉረመረመ፤ የሐጂ ግን ከሁሉም የተለየ ነበር። ቤታቸው የኪራይ ቤት ተብሎ ከፍ ባለው ታሪፍ ተመድቧል። ከእሱ ጋር የኪራይ ገቢ ግብር፣ የሁለቱ ዓመት ውዝፍና ቅጣቱ ተከትሎ መጣ። ድምሩ የብዙ ወር ጡረታቸውን የሚበላ ነበር። ወረቀቱን ያሳዩኝ እኔ ስለጠየቅኳቸው ነው፤ ራሳቸው አላወጡትም። እኔ ድምሩን ደጋግሜ ደመርኩ፣ እሳቸው ግን የሌላ ሰው ወረቀት የሚያዩ ይመስሉ ነበር።

በማግስቱ ቢሮ ሄድኩ። ያቺው ሠራተኛ ነበረች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። ሲስተም ውስጥ ከገባ እሷ መንካት እንደማትችል፣ ቅሬታ ማቅረብ ግን እንደሚቻል ነገረችኝ። የሚያስፈልገው ነዋሪዋ ራሷ መጥታ ኪራይ እንደማትከፍልና በተጠጊነት እንደምትኖር መፈረም ነው፤ ሁለት ጎረቤት ይመሰክርላታል። ሐጂ ራሳቸው ቢፈርሙ አይበቃም ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"ባለቤቱማ ሁሉም ተከራይ የለኝም ነው የሚለው፣ ቲቸር" አለችኝ።

ልክ ነበረች። ቅር ያሰኘኝ ይህ ነው፤ ማንም ጥፋተኛ አልነበረም። ቅጹ ልክ ነው፣ ሠራተኛዋ ልክ ናት፣ ደንቡ ውሸታም አከራዮችን ለመያዝ የወጣ ነው። ራሱን የሚጎዳ ውሸት የዋሸ ሰው ቢኖር ሐጂ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ለሐጂ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቷ እዚያ መስኮት ፊት ቆማ "ተጠጊ ነኝ" ብላ ስትፈርም ማየት እንደማይፈልጉ፣ ከዚያ በኋላም አንድ ቀን እንደማታድር ተናገሩ። እኔ አይሆንም፣ ነገሩን ትረዳለች፣ እንኳን እሷ ማንም ይገባዋል እያልኩ ተከራከርኩ። አዳመጡኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ።

"አብሽሪ፣ እከፍለዋለሁ። ለልጅቱ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ።"

ቃል ገባሁ።

ሐጂ መክፈል ጀመሩ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ጠፋ፤ ዜናው ስላስጠላቸው ሸጥኩት አሉ። ቀጥሎ የሟች ሚስታቸው የልብስ ስፌት መኪና ወጣ። ልጅቷ ስለ ወረቀቱ ምንም አታውቅም፤ አጎቷ ዕድሜ ሲገፋ ዕቃ እየጠላ የመጣ መስሏት ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ሐጂ ብቸኝነቱ ሳያስከፋቸው አልቀረም ብላ እኔን አማክራኛለች። እኔም ሳይሆን አይቀርም አልኳት። ዝምታ ወርቅ ነው ብለው ያስተማሩን ሰዎች ይህን ዓይነቱን አላዩትም።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳቦ ይዤ ስገባ ሐጂ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ግራ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው አገኘኋቸው። አውራ ጣታቸው ላይ በጨርቅ የታሰረ ቁስል ነበር፤ ሽታው ጨርቁን አልፎ ይመጣል። ከጎናቸው ባለው ሳህን ላይ የስኳር ኪኒናቸው በምላጭ እየተከፈለ ተደርድሯል። ግማሽ ግማሹን መውሰድ እንደሚበቃቸው ነገሩኝ፤ ናፍጣ ሲያልቅ በነፃ ማርሽ ቁልቁለት መውረድ የለመዱ ሾፌር ነበሩና እንደ ጨዋታ አድርገው ነበር የነገሩኝ። ስኳራቸውን ተለክተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጤና ጣቢያው የመለኪያው ዕቃ አልቋል ብሎ እንደመለሳቸው፣ የግል ክሊኒኩ ደግሞ ዋጋው እንደማይቀመስ አስረዱኝ። ላቦራቶሪው ለከርሞ የተላለፈው በማን ንግግር እንደሆነ አልነገርኳቸውም። የሚያውቁ ይመስለኛል። የቦዩን ነገር ያን ቀን እየሳቁ ጠየቁኝ፤ ቁፋሮው ተጀምሮ ነበር።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። በሐጂ ተናደድኩ፣ በልጅቷ ኩራት ተናደድኩ፣ በራሴ ግን አልተናደድኩም፤ ያን ሰዓት ትክክለኛውን ነገር ላደርግ የተነሳሁ ነበር የመሰለኝ። ባሌን ስነግረው ቃል ገብተሻል አለኝ። ሰውዬው እግሩን ሊያጣ ስለ ቃል ታወራለህ ብዬ ጮህኩበት።

ልጅቷን የጠበቅኳት ኢምፔሪያል ታክሲ መውረጃው ላይ ነው። ከአያት ስትመለስ እጇ ከሳሙና ብዛት ነጥቶ ነበር። ጥግ ይዘን ቆምን፤ ረዳቶቹ እየጮሁ፣ ሰው እየገፋን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ኪኒኑን፣ እግራቸውን። ስታዳምጥ ፊቷ አልተለወጠም። ነጋዴ ናት፤ ኪሳራ ሲነገራት እንዴት እንደሚቆም ታውቅበታለች። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ኪራይ እንደማልከፍል ሰፈሩ ያውቅ ነበር?"

እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ውሸት ያስፈለገኝ እዚህ ቦታ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅያሱ ሁሉ፣ ሱቁ፣ ጥበቃው፣ እድሩ ሲዋሽላት ከርሟል፤ እኔ ቁም ነገረኛዋ ግን ግማሽ እውነት ከተናገርኩ ሙሉውን ልናገር አልኩ።

"አዎ፣ ያውቅ ነበር" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን አስተካከለችና ቢሮው ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠየቀችኝ።

በማግስቱ እኔና ባሌ ምስክር ሆነን አብረናት ሄድን። መስኮቱ ፊት ወረፋ ነበር። ሠራተኛዋ እንደ ደንቡ ቅጹን ከመፈረሟ በፊት አነበበችላት፤ ነዋሪዋ ያለ ምንም ክፍያ በዘመዷ ቤት ተጠግታ የምትኖር መሆኑን፣ ይህም ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምትጠየቅ። ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ ሞክራ ነበር፤ መስታወቱ ስላለ ግን ጮክ ካላሉ አይሰማም። ከኋላችን ያሉት ሰዎች ሰሙ። ልጅቷ እስክሪብቶውን ተቀበለች፤ ደረሰኝ ስትፈርም እንደኖረች ሴት በአንድ ጊዜ ፈረመች። ስንወጣ አመሰገነችኝ። ከልቧ ነበር የመሰለኝ፤ እስከ ዛሬ ከልቧ እንደነበር አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ቆየች። ውሃ ወረፋ ላይ ከማንም ጋር አልተከራከረችም፤ ተራዋን ሲቀሟት ባልዲዋን ወደ ኋላ ሳበች። ሴቶቹ ይህን አይተው አንድ ነገር እንዳለ ገባቸው፤ ጭራሽ ባልዲዋን ተሸክመው ይሰጧት ጀመር። ያ ደግሞ የባሰ ነበር። በስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሐጂ ሶላት ሄደው ሳለ በሬን አንኳኳች። ሦስቱ ልጆች ከኋላዋ ቆመዋል፤ ፌስታሎቹ አራት ሆነዋል። ከአያት ወዲያ አንድ ጅምር ቤት ጠባቂ እንደሚፈልግ፣ ለልጆቹም ቆርቆሮ የተከደነ ክፍል እንዳለ ነገረችኝ። የሐጂ ልብ እንዳይሰበር ቆዪ፣ ቢያንስ እሳቸው እስኪመጡ ጠብቂ አልኳት። ቁልፍ ዘረጋችልኝ።

"ተከራይ ሲወጣ ቁልፍ ያስረክባል" አለች።

ለሐጂ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ማን እንደነገራት አልጠየቁኝም። ቁልፉን ተቀበሉኝ፣ የጀርባውን በር ከፍተው ገቡና ብዙ ቆዩ። ክፍሎቹን ጠርጋ፣ ወለሉን አጥባ ነበር የሄደችው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደተረትኩ እግዜር ይወቀው፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሜ ስጠብቃቸው ለራሴ ተረትኩት።

ምክር ቤቱ ቀጥሎ ሲሰበሰብ የአፈጻጸም ሪፖርት ቀረበ። ግብሩ ከዕቅድ በላይ ተሰብስቧል። የቀረቡ ቅሬታዎች በወቅቱ ተፈትተዋል፤ ከተፈቱት አንዱ የሐጂ መሆኑን እኔ ብቻ አውቃለሁ። ቦዩ እስከ ቅያሱ አጋማሽ ተቆፍሮ በጀቱ ለሌላ አጣዳፊ ሥራ ስለተዛወረ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚጠናቀቅ ተገለጸ። ባለ ጋራዡ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞር አሉ፤ ይስቁብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቁም። እጃቸውን በከንቱ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ባልንጀራቸውን እንደሚያዩ አዩኝ። ሪፖርቱ ይጽደቅ ሲባል እጅ ወጣ። የእኔም ወጣ። ልማድ ነው መሰለኝ።

በሐጂ ቅሬታ ላይ የተወሰነው ደብዳቤ ወጥቶ እኔ ተቀብዬ ወሰድኩላቸው። እግራቸው ያኔ ከጣታቸው አልፎ አብጦ ነበርና ሰው ካልደገፋቸው አይነሱም። በረንዳው ላይ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቤቱ ወደ መኖሪያ ቤት ታሪፍ መመለሱን፣ የኪራይ ገቢ ግብሩ መሰረዙን፣ የከፈሉትም ለሚቀጥሉት ዓመታት እንደሚታሰብላቸው ይናገራል። ኪኒኑን አሁን ሙሉውን መግዛት እንደሚችሉ፣ ነገ እኔ ራሴ ክሊኒክ እንደምወስዳቸው ነገርኳቸው። ብዙ ተናገርኩ። እሳቸው ደብዳቤውን በቀስታ አጠፉት።

"ቀነሰልኝ ማለት ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ሐጂ። ውዝፉም ተሰርዟል።"

ወደ ጀርባው ክፍሎች አዩ። በሩ ክፍት ነበር፤ ከሄደች ወዲህ አልዘጉትም።

"እኔ እኮ ልጅቱ ቀና ብላ እንድትኖር ነበር የምከፍለው" አሉ። "ያ ግብር እንደ አሁኑ አልተወደደብኝም ነበር፣ ቲቸር።"